የአሮጌ ቤት ጣሪያ ማን ይየው? አናጺ፣ ጣሪያ ሠሪ ድርጅት ወይስ መሐንዲስ

ሰኔ ከገባ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ደህና አናጺ ማግኘት ጭንቅ ነው። ሁሉም ቤት ያፈሳል፣ ሁሉም ሰው ይደውላል። እንደምንም የተገኘው ሰው ሬንጁን፣ ጨርቁንና መዶሻውን ይዞ ይመጣል። የቱ ጋ እንደሚያንጠባጥብ ይጠይቃል፣ ይወጣል፣ ይለጥፋል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ቤት ይሮጣል። አይፈረድበትም። ግን ጣሪያችሁን አላየም። ያየው አንድ ቀዳዳ ነው።

እዚህ የማወራው ጣሪያ ስለማሳየት እንጂ ስለማስጠገን አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሁለቱን አንድ ስናደርጋቸው ነው። ለማሳየት አራት መንገድ አለ። አንደኛው ራሳችሁ ማየት ነው። ሌላው የሰፈር አናጺ ነው። ሦስተኛው «በነፃ አይተን ዋጋ እንነግራችኋለን» የሚሉት ጣሪያ ሠሪዎች ናቸው። የመጨረሻው መሐንዲስ ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው የአዲስ አበባ አሮጌ ቤት የሚበጀው ልምድ ያለው አናጺ ነው፤ ግን ለማየት ብቻ የቀን ሒሳብ ተከፍሎት። ጥገናውን እሱ ይሥራው ሌላ ሰው ይሥራው በኋላ ይታሰብበታል። መሐንዲስ የሚጠራው ነገሩ ከቆርቆሮው አልፎ እንጨቱና ግድግዳው ጋ ሲደርስ ነው። በነፃ የሚያየውን የመጨረሻ አድርጉት።

ከቆርቆሮው ሥር ያለው ነገር

አሮጌ ቤት ስል ብዙዎቻችን ያደግንበትን ዓይነት ቤት ማለቴ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ወራጁ (ከጣሪያው ጫፍ ወደ ግድግዳው የሚወርደው ተሸካሚ እንጨት) ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ወይም በንጉሡ ጊዜ የተሠራ ብሎኬት ቪላ፣ ከኋላው ሰርቪስ ያለው። ከጣሊያን ጊዜ የቆዩ የድንጋይ ቤቶችም አሉ። አንዳንዶቹ ሸክላ የለበሱ ናቸው።

ቆርቆሮ አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ነገሩ ያኔም ዛሬም ያው ነው። በሁለት ፊቱ ዚንክ የለበሰ ስስ ብረት። ዚንኩ እስካለ ድረስ ብረቱ አይነካም። ዚንኩ ሲያልቅ ቀይ ዝገት ይጀምራል። ውፍረቱ በጌጅ ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ 35 ጌጅ ደግሞ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ብዙ አሮጌ ቤት ላይ ያለው ቆርቆሮ ዛሬ በርካሽ ከሚሸጠው ይወፍራል። «አርጅቷል፣ እናንሳው» ሲሏችሁ ወፍራሙን አውርዳችሁ ስሱን እንዳትሰቅሉ።

ዋናው ነገር ግን ቆርቆሮው አይደለም። ቆርቆሮ የሚመታው ሞራሌ ላይ፣ ማለትም ወራጁ ላይ በአግድም በሚደረደረው እንጨት ላይ ነው፤ ሞራሌው ወራጅ ላይ፤ ወራጁ ግድግዳ ላይ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍታው ጭምር ታክሎበት ኃይለኛ ነው። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ይለጠጣል። ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሥሩ ያለው ጎማም ይደርቅና ይሰነጠቃል። በዚያች ቀዳዳ በእያንዳንዱ ዝናብ ጥቂት ጠብታ ይገባል። ኮርኒሱ ላይ አይታይም፤ ሞራሌው ይጠጣዋል። ሞራሌው በሚስማሩ ዙሪያ ይበሰብሳል። የበሰበሰ እንጨት ሚስማር አይዝም። ከዚያ አንድ ቀን ንፋስ ይመጣና ቆርቆሮውን ያነሳዋል። ሰው «ንፋሱ ገነጠለው» ይላል። የገነጠለው ግን ለዓመታት የገባው ጠብታ ነው።

ሬንጅ የሚጎዳውም ለዚህ ነው። ከላይ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ከታች የበሰበሰውን እንጨት ይደብቃል። በጥሩ ምርመራና በመጥፎ ምርመራ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ጥሩ መርማሪ እንጨቱን ያያል።

ራሳችሁ ማየት የምትችሉት

ይህ ነፃ ነው፣ ማንንም ብትጠሩ ደግሞ ቀድማችሁ ልታደርጉት ይገባል። ምን እንዳለ የማያውቅ ባለቤት የነገሩትን ሁሉ ያምናል።

ከኮርኒሱ ጀምሩ። አቡጀዲ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ አቡጀዲ አይዋሽም። ውሃ የነካው ቦታ ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ ይቀራል። በክቡ ዙሪያ በእርሳስ መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉበት። ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ እድፉ መስመሩን ካለፈ ቀዳዳው ክፍት ነው። ካላለፈ የዱሮ ጠባሳ ነው፣ ለእሱ ገንዘብ አታውጡ። ጂፕሰምና ቺፑድ ላይም ይሠራል። ማዳበሪያ ኮርኒስ ግን ውሃውን ያንሸራትትና ሌላ ቦታ ይጥለዋል፤ እዚያ እድፍ ማንበብ ከንቱ ነው።

እድፉ ያለበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ አንድ ናቸው ብላችሁ አትነሱ። ውሃ ወራጁን ተከትሎ ብዙ ርቆ ሊወርድ ይችላል። ሳሎን መሀል የሚያንጠባጥበው ከኮልሞው ሥር የገባ ሊሆን ይችላል። ኮልሞ ሁለቱ የጣሪያ ክንፎች የሚገናኙበትን ጫፍ የሚሸፍነው ክዳን ነው፤ በአሮጌ ቤት ላይ ከሁሉ በፊት የሚላላውም እሱ ነው።

ወደ ኮርኒሱ ውስጥ መግቢያ ካለ በጠራራ ፀሐይ ጭንቅላታችሁን አስገቡ። ባትሪውን አጥፉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። የሚስማር ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ብልጭ ይላሉ። በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ባትሪውን አብሩና ካቻቢቴ ውሰዱ። የምትደርሱበትን ሞራሌና ወራጅ በጫፉ ጫን እያላችሁ ውጉ። ደህና እንጨት አያስገባም። ያለ ጉልበት ከገባላችሁ ቦታውን ምልክት አድርጉ። ከግድግዳው ጫፍ ወደ እንጨቱ የሚወጣ ቀጭን የአፈር መስመር ካያችሁ ምስጥ ነው። እንጨቱ ትናንሽ ቀዳዳ ኖሮት ሥሩ ዱቄት ካራገፈ ደግሞ ሌላ በላተኛ አለ። እግራችሁን ግን ኮርኒሱ ላይ እንዳታሳርፉ፤ የሚሸከመው እንጨቱ ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ዝናብ ባልጣለበት ቀንስ ያንጠባጥባል? በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ከቤት ውስጥ የሚወጣው እንፋሎት ቆርቆሮው ሥር ይጠልና ጠዋት ይወርዳል። እንጀራ የሚጋገርበት ማድቤት ላይ ይህ የተለመደ ነው። ማድቤቱ ጭስ ካለው ጥላሸቱና እርጥበቱ ተባብረው ቆርቆሮውን ከሥር ይበሉታል፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። መድኃኒቱ ሬንጅ ሳይሆን አየር መውጫ ነው። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ «ይቀየር» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሸኙት።

ከዚህ በላይ ራሳችሁ አትውጡ። የሳሳ ቆርቆሮ ሰው ይጥላል። አሮጌ ቤት ላይ የመብራት ገመዱ ብዙ ጊዜ በጣሪያው ጠርዝ በኩል ነው የሚገባው፣ ልብሱም በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላል። ቆጣሪውን ማጥፋት ቤት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚያጠፋው። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ገመድ አሁንም መብራት አለበት። አናጺ ስትጠሩም ይህን ገመድ ቀድማችሁ አሳዩት።

የሰፈር አናጺ፣ ግን በትክክለኛው አከፋፈል

ለምን አናጺን አስቀደምኩ? ለጭቃ ቤትና ለባሕር ዛፍ ወራጅ ከእሱ የተሻለ ዓይን ስለሌለ ነው። ድምፁን ያውቀዋል። በመዶሻ ኮርኮም አድርጎ ባዶውን ከሙሉው ይለያል። ሰፈሩንም ያውቃል፤ ንፋሱ ከየት በኩል ዝናቡን እንደሚያስገባ፣ የጎረቤት ዛፍ የትኛውን አሸንዳ እንደሚሞላ።

ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። ጥገናውን በቁርጥ ከተነጋገራችሁና ምርመራውን በዚያው ውስጥ ካስገባችሁ የሚያገኘው ገንዘብ በሚያገኘው ብልሽት ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። ሐቀኛ ሰው እንኳ በዚህ ይፈተናል። ስለዚህ «ዛሬ የምከፍልህ ለማየት ነው። ምንም ባይበላሽም ትከፈላለህ» በሉት። ፊቱ ላይ ለውጥ ታያላችሁ። ያኔ «ይሄኛው ገና ይቆያል» የሚል ቃል መስማት ትጀምራላችሁ። ይህን ቃል በቁርጥ የገባ ሰው አይናገረውም።

ጎበዙን ከአወጣጡ ትለዩታላችሁ። ጠዋት፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። መሰላሉን ከላይ ያስራል። ሲሄድ የሚረግጠው የሚስማሩን መስመር ነው፣ ምክንያቱም ከሥሩ ሞራሌ ያለው እዚያ ነው። ወይም ጣውላ ያነጥፋል። በቆርቆሮው መሀል ረግጦ የሚሄድ ሰው እያየ ሳይሆን እያፈሰሰ ነው፤ ወዲያው አስወርዱት። እንዲያውም የብዙ ቤት ማፍሰሻ የተጀመረው ዲሽ ሊተክሉ በወጡ ልጆች እግር ነው። ዲሽ ያለበትን አካባቢ ለብቻው እዩልኝ በሉ።

ምን ማየት አለበት? ሚስማሩ ጉብታው ላይ መመታት አለበት። ጎድጓዳው ላይ የተመታ ሚስማር ውሃ የሚሄድበት መንገድ ላይ ስለሆነ ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። መደራረቡን ይመልከት። በጎን ቢያንስ አንድ ጉብታ ተኩል፣ በቁመት ደግሞ 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ካልተደራረበ ንፋስ ያለበት ዝናብ ይገባል። ዋናው ቤትና በኋላ የተቀጠለው በረንዳ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ብዙ ደቂቃ ያሳልፍ። የተቀጠለ በረንዳ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቁልቁለቱ ያንሳል። ውሃው ፈጥኖ አይወርድም፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። የእኔ ግምት፣ አሮጌ ቪላ ውስጥ «ምንጩ አልታወቀም» የሚባለው ማፍሰስ ብዙው ከዚህ መጋጠሚያ የሚመጣ ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ፈተና የውሃ ጎማ ነው። አንድ ሰው ኮርኒስ ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጣል። ሌላው ከላይ ውሃ ያርከፈክፋል፣ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ኮልሞው። ከላይ ከጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ አይለይም። ከታች ሲጀምር ግን ውስጥ ያለው ሰው «አቁም!» ባለበት ቅጽበት ቦታው ይታወቃል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ በርሜል ሙሉ አስቀምጡ። ሁለት ሰው፣ አንድ ግማሽ ቀን። ሬንጅ ሲለጠፍ ከሚባክነው ዓመት ይህ ግማሽ ቀን ይረክሳል።

የአናጺ ጉድለቱም ይነገር። አይጽፍም። ያየውን በቃል ይነግራችኋል፣ ሦስት ወር ቆይታችሁ ስትጠይቁት ሌላ ይነግራችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እሱ እያሳየ እናንተ ወይም አንድ ልጅ ፎቶ ያንሳ፣ በድምፅም ይቀዳ። ሌላው ጉድለቱ ጭነት ማስላት አለመቻሉ ነው። «ይችላል፣ ችግር የለውም» የሚለው ቃል እንጨት ላይ ያስኬዳል፣ አንድ ቶን ላይ አያስኬድም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ደላላ ያመጣው አናጺ ከሆነ የደላላው ድርሻ ከጥገናው ላይ ስለሚቆረጥ የቀን ሒሳብ ዘዴው አይሠራም። በቅርብ ጣሪያ ያስጠገነ ጎረቤት ጠይቁ። ክረምት ያለፈበትን ሥራ እንጂ ትናንት ያለቀውን አትዩ።

በነፃ የሚያዩት

በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች፣ አነስተኛ ተቋራጮች፣ ቆርቆሮ ሸጠው ሠራተኛ የሚልኩ ሱቆች እዚህ ይገባሉ። ቶሎ ይመጣሉ፣ መሣሪያ አላቸው፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹ የጽሑፍ ዋስትናም ይሰጣሉ። እነዚህ ትንሽ ነገሮች አይደሉም። ሥራው ትልቅ ከሆነ ከአንድ አናጺ ይልቅ ስድስት ሰው ይዞ በሁለት ቀን የሚጨርስ ቡድን ይሻላል፤ ግማሹ ቆርቆሮ ተነስቶ ዝናብ ቢመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ለምርመራ ግን አይሆኑም። ነፃው ነገር ከየት እንደሚከፈል ግልጽ ነው። ቆርቆሮ የሚሸጥ ሰው ጣሪያችሁን ሲያይ የሚያየው ካሬ ሜትር ነው። እንጨቱን ብዙም አይነካም፣ ምክንያቱም እንጨት ጊዜ ይበላል፣ ቆርቆሮ ነው ትርፉ።

ከእነሱ የሚመጣ አንድ ሐሳብ አለ፤ ስትሰሙት ተጠንቀቁ። «አሮጌውን ሳናነሳ አዲሱን ከላይ እንደርብ።» ፈጣን ነው፣ ርካሽም ይመስላል። ግን ክብደት ይጨምራል፣ በሁለቱ መካከል እርጥበት ይይዛል፣ የበሰበሰውንም ሞራሌ ለዘላለም ይሸፍናል። አዲሱ ሚስማር ደግሞ የሚገባው እዚያው የበሰበሰው እንጨት ውስጥ ነው። እኔ ብሆን አልቀበልም።

እነሱን የምትጠሩት ሌላ ሰው አይቶ ምን መሠራት እንዳለበት ካወቃችሁ በኋላ ነው። ያኔ ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፣ ለሦስቱም ያንኑ ዝርዝር ስጡ። ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ጌጅ፣ ስንት ሜትር ሞራሌ፣ ኮልሞው አዲስ ይሁን ወይስ የዱሮው ይመለስ፣ ሚስማሩ ባለ ጎማ ይሁን ወይስ ብሎን፣ አሸንዳውስ ይጨመራል ወይ። ዝርዝሩ አንድ ካልሆነ ሦስት ዋጋ ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ የረከሰው ሁልጊዜ የሳሳው ነው። ቆርቆሮው ግቢ ሲደርስ፣ ከመመታቱ በፊት፣ ላዩ ላይ የታተመውን አንብቡ። ካልታተመበት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ውፍረት መለኪያ አይጠፋም።

መሐንዲስ መቼ?

መንገድ ተሻግራችሁ ቤታችሁን ከሩቅ እዩት። ኮልሞው ቀጥ ያለ መስመር ነው ወይስ መሀሉ ሰምጧል? ከሰመጠ አናጺ ጋ አትቆዩ። ግድግዳው ከላይ ወደ ውጭ ከተገፋ፣ ወይም ከጣሪያው ሥር የጀመረ ስንጥቅ በዓመት ውስጥ ከሰፋም እንዲሁ። ወራጆቹ ግድግዳውን እየገፉ ነው ማለት ነው፤ እንጨት በመቀየር ብቻ አይፈታም።

ሁለተኛው ምክንያት አዲስ ጭነት ነው። 1000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ይመዝናል። ያንን ባሕር ዛፍ ላይ ለመስቀል ያሰበ ሰው አንድ ጊዜ መሐንዲስ ያናግር፣ ወይም ሮቶውን መሬት ላይ በራሱ ማማ ያቁመው። የፀሐይ ኃይል ፓኔልም ቢሆን ክብደቱ ቢያንስም ንፋስ ይይዛል።

ሦስተኛው ሸክላ ጣሪያ ነው። ሸክላ ከቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ይከብዳል፣ ከሥሩ ያለውም እንጨት ለዚያ የተሠራ ነው። አንድ ሁለት ሸክላ ሲሰበር ማንም ሊቀይረው ይችላል፤ ጠቅላላውን ስለማንሳት ማሰብ ከተጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አራተኛው ወረቀት ሲያስፈልግ ነው። ቤት ልትገዙ ስትሉ፣ ወራሾች ሲካፈሉ፣ ከጎረቤት ጋር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ። የአናጺ ቃል እዚያ አይጠቅምም። ፊርማና ማኅተም ያለው ሪፖርት ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ የሙያ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ያልታደሰ እንዳይሆንም ተመልከቱ።

መሐንዲስ ይወደዳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዳንዱ አይወጣም። ግቢ ቆሞ ቀና ብሎ አይቶ ሁለት ገጽ ይጽፋል። ከመስማማታችሁ በፊት በግልጽ ጠይቁት፦ «ኮርኒስ ውስጥ ትገባለህ ወይ? መሰላል ትወጣለህ ወይ?» መልሱ ካድበሰበሰ ሌላ ፈልጉ። ካላየ መሐንዲስ ያየ አናጺ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱ አብረው ሲመጡ ነው። አናጺው ይከፍታል፣ ይወጋል፣ ያሳያል፤ መሐንዲሱ ይለካል፣ ይጽፋል። ለአንድ ቀን ሁለት ሰው መክፈል ነው፣ ግን ቤቱ ትልቅ ከሆነ ያዋጣል።

ድሮን እናስነሳለን የሚሉም መጥተዋል። ድሮን ለማስነሳት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቢኖራቸውም ድሮን የሚያየው የቆርቆሮውን ጀርባ ነው። የእናንተ ጥያቄ ያለው ከሥሩ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጣሪያው ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲሚንቶ የሚመስል ሞገድ ያለው ሰሌዳ ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ባለበት እስከተቀመጠ ድረስ ብዙ አያሰጋም፤ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ በብሩሽ ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ግን ካንሰር ያመጣል። ማንም ሰው ሚስማር እንዳይመታበት፣ ልጆችም ስብርባሪውን እንዳይጫወቱበት።

ጣሪያው የጋራ ሲሆን

ብዙ አሮጌ ቤት የአንድ ሰው አይደለም። በ1967 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ስንቱ ግቢ ተከፋፈለ። አንድ ጣሪያ ሥር ሦስት አራት አባወራ ይኖራል። ውሃ በወይዘሮ እገሌ በኩል ይገባና እናንተ ቤት ይወርዳል። ክፍላችሁን ብቻ ብታስመረምሩ መርማሪው ምንም አላገኘሁም ብሎ ይሄዳል፤ እውነቱን ነው።

ስለዚህ ጎረቤቶቻችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ። «ላስጠግን ነው፣ አዋጡ» ብላችሁ አትጀምሩ። «አናጺ የማየቱን እኔ እከፍላለሁ፣ ኮርኒሳችሁን እንዲያይ ፍቀዱለት» በሉ። ማየትን ማንም አይከለክልም። ፎቶው ሲመጣ፣ የበሰበሰው ሞራሌ የማን አልጋ በላይ እንዳለ ሲታይ፣ መዋጮው ራሱ ይነሳል።

የቀበሌ ቤት ከሆነ ቆርቆሮ ከመነሳቱ በፊት ወረዳው ይወቅ፤ ጥገናውን ራሳችሁ ብትከፍሉም ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ ደግሞ የቅርስ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ መጠገንና መለወጥን አይፈቅድም። ማየት ግን በሁለቱም ይቻላል፤ ለጥያቄ ስትሄዱ ፎቶ ይዛችሁ መሄድ ደግሞ መልሱን ያፈጥነዋል።

ውጭ ሆናችሁ የወላጆቻችሁን ቤት ለምታስጠግኑ

ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ሆኖ «ጣሪያው ያፈሳል» የሚል ስልክ የሚደርሰው ሰው ብዙ ነው። በየክረምቱ ይላካል፣ በየክረምቱ ያፈሳል። እማዬ ደግሞ «ተዉት፣ ባልዲ አድርጌበታለሁ» ትላለች።

ለእናንተ ምርጫው ይለወጣል። እዚያው ቆማችሁ ስለማታዩ ወረቀቱ ዋጋ አለው። አቅም ካለ አንድ ጊዜ መሐንዲስና አናጺ አብራችሁ ላኩ። ካልሆነ አናጺውን ለማየት ብቻ ክፈሉትና ከዘመድ አንድ ወጣት አብሮት ይዋል። በቴሌግራም የሚላከው ፎቶ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የእያንዳንዱ ክፍል ኮርኒስ ሙሉው። ከዚያ ከኮርኒስ በላይ ያለው እንጨት፣ ካቻቢቴ የገባበት ቦታ ካቻቢቴው እንደተሰካ። ከዚያ ጣሪያው ከላይ፣ በአራቱም አቅጣጫ። የቀረበ የዝገት ፎቶ ብቻ ከተላከላችሁ ከየት እንደሆነ አታውቁም፤ የማንም ቤት ዝገት ሊሆን ይችላል። የጥገናውን ገንዘብ ደግሞ ሦስት ቦታ ከፍሉት፤ እንጨቱ ተቀይሮ፣ ቆርቆሮው ሳይመታ፣ ፎቶ ሳታዩ ሁለተኛውን አትላኩ። ቆርቆሮ ከተመታ በኋላ እንጨቱ መቀየሩን ማንም ሊያሳያችሁ አይችልም።

መቼ ይጠራ?

ሚያዝያ። የበልጉ ዝናብ ቀዳዳዎቹን አሳይቷችኋል፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው እድፍ ትኩስ ነው፣ አናጺውም ገና አልተጣበበም። ጥገና ካስፈለገ ግንቦት ሙሉ አለላችሁ። ሚያዝያ ካመለጣችሁ ደግሞ ጥቅምት አለ። እንጨቱ ከክረምቱ ገና ስላልደረቀ የራሰውና ያልራሰው በእጅ ይለያል፣ ከፊታችሁም ረጅም በጋ አለ። ከጥር እስከ የካቲት ግን ሁሉም ነገር ደርቆ ስለሚጠብቅ የውሃ ጎማውን ፈተና ሳታደርጉ አትመኑ።

ክረምቱ መሀል ላይ ተይዛችሁ ከሆነ ምርመራውን ለመስከረም መጨረሻ ቅጠሩና ለጊዜው ላስቲክ አልብሱት፣ ሬንጅ አታስለጥፉ። ላስቲክ ይነሳል፤ ሬንጅ አይነሳም። በረዶ በጣለ ማግስት ደግሞ አሸንዳውን አስጠርጉ። በረዶው ያረገፈው ቅጠል አሸንዳው ውስጥ ከቆየ ውሃው በቆርቆሮው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይመለስና ግድግዳው ጫፍ ላይ ያለውን ጭቃ ያጥባል።